ማዮርካ፣ ቴነሪፌ ወይስ የፈረንሳይ አልፕስ? የተራራ ላይ የብስክሌት ልምምድ ካምፕ ለሚመርጡ የቀረበ ንጽጽር

ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ዳገት እየወጣ ለመለማመድ የሚፈልግ የመንገድ ብስክሌተኛ አውሮፓ ውስጥ ካምፕ ሲያማርጥ ሦስት ስሞች ደጋግመው ይገጥሙታል፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያለችው የስፔን ደሴት ማዮርካ፣ በአፍሪካ ጠረፍ ትይዩ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኘውና እንደዚሁ የስፔን ግዛት የሆነችው ቴነሪፌ፣ እንዲሁም የፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች። የአዘጋጆቹ ማስታወቂያ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፤ የታዋቂው ዳገት ፎቶግራፍ፣ በሳምንቱ የሚሸፈነው ኪሎ ሜትርና በድምሩ የሚወጣው ከፍታ ተዘርዝረው ይቀርባሉ። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ቦታው ብዙ ቢናገሩም ለመምረጥ ግን አይበቁም። በእኔ ግምት ሦስቱን ቦታዎች ከሁሉ በላይ የሚለያያቸው በማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ጉዳይ ነው፤ እግር በዛለበት ቀን ሳይጨነቁ የሚነዱበት መንገድ መኖሩ ወይም አለመኖሩ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው 10 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ብስክሌትና ዕቃ ጋር 8 በመቶ ተዳፋት ባለው፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ወደ 190 ዋት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ ሰው «ዛሬስ እግሬን ላሳርፍ» ብሎ ኃይሉን ወደ 120 ዋት ቢቀንስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 6 ተኩል ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከፊት 34 ከኋላም 34 ጥርስ ያለውን ቀላል ማርሽ ቢያስገባ እንኳ ፔዳሉን የሚያዞረው በደቂቃ 50 ጊዜ ገደማ ብቻ ይሆናል። በዚህ ዝግታ እያንዳንዱ ዙር ጉልበት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከባድ ስለሆነ ዕረፍት የተባለው ቀን ዕረፍት መሆኑ ይቀራል። ገደላማ መንገድ ቀስ ብሎ ለመሄድ ፈቃድ አይሰጥም። ሰውነት ደግሞ የሚጠነክረው ከከባዱ ቀን ቀጥሎ በሚያገኘው የማገገሚያ ጊዜ በመሆኑ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ለማገገም የማያመች ቦታ የሳምንቱን ሁለተኛ አጋማሽ ያለ ፍሬ ያስቀረዋል።

በዚህ መለኪያ ማዮርካ ያለ ጥርጥር ቀዳሚ ናት። የትራሙንታና ሰንሰለታማ ተራሮች የተዘረጉት በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ ብቻ ሲሆን መሀሉ ሰፊ ሜዳ ነው። በአልኩዲያ ወይም በፖየንሳ አካባቢ ያረፈ ሰው ጠዋት ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ዳገት፣ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ደግሞ መኪና የማይበዛባቸው ጠባብ የገጠር መንገዶች ያገኛል። ውሳኔውን በዚያው ዕለት፣ እግሩን አይቶ ሊወስን ይችላል። ቴነሪፌ የዚህ ተቃራኒ ናት። ደሴቲቱ በአመዛኙ በቴይዴ እሳተ ገሞራ ዙሪያ የቆመች ተራራ በመሆኗ ከባሕር ዳርቻው ርቆ ወደ ውስጥ የሚገባ መንገድ ሁሉ ሽቅብ ነው፤ የዳርቻው መንገድም ቢሆን እየወጣና እየወረደ የሚሄድ ከመሆኑም በላይ ተሽከርካሪ ይበዛበታል። አልፕስ በመካከል ይቀመጣል። ብዙ ካምፖች በሚያርፉባት በቡር ዱዋዛን ከተማ ዙሪያ ያለው የሸለቆ ወለል ሜዳ ቢሆንም አጭር ነው፤ በሸለቆው የሚያልፈውን ዋና መንገድ ደግሞ የጭነት መኪናዎች አዘውትረው ይመላለሱበታል።

ወደ ዳገቶቹ ስንመጣ ሚዛኑ ይቀየራል። የማዮርካ ዝነኛ ዳገት ሳ ካሎብራ 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመትና 7 በመቶ አማካይ ተዳፋት አለው። መንገዱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንቶንዮ ፓሪዬቲ ንድፍ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ አናቱ ሲቀርብ በአንድ ቦታ እንደ ክራቫት ቋጠሮ ተጠምዝዞ በራሱ ሥር ያልፋል። የዚህ ዳገት ልዩ ባሕርይ ግን ከውበቱ ይልቅ አቀማመጡ ነው፤ መንገዱ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ስለሚያከትም አስቀድሞ ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት ግዴታ ነው። በረጅሙ ቁልቁለት ላይ ጡንቻው የቀዘቀዘ ሰው ታች እንደ ደረሰ ወዲያውኑ ዳገት ይጠብቀዋል፤ መሀል ላይ ቢደክመውም አቋርጦ የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም። የቱሪስት አውቶቡሶችም በእነዚያው ጠባብ ኩርባዎች ስለሚመላለሱ ጠዋት በማለዳ የሚያስጀምር አዘጋጅ ቦታውን የሚያውቅ አዘጋጅ ነው። ከሶዬር ወደ ፑዥ ማጆር የሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ዳገት ከደሴቲቱ ረጅሞች አንዱ ነው፤ ተዳፋቱ በአማካይ 6 በመቶ ሲሆን አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህም ማለት ጥሩ አቋም ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይጨርሰዋል ማለት ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ መውጣትን ለመለማመድ ለሚፈልግ ሰው ማዮርካ የምትሰጠው የለም።

ያንን የምትሰጠው ቴነሪፌ ናት። የቴይዴ ጫፍ 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው የስፔን ከፍተኛ ቦታ ሲሆን፣ አስፋልቱ እስከዚያ ባይደርስም ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእሳተ ገሞራው ጎድጓዳ ሜዳ ይዘልቃል። በደቡብ በኩል በቪላፍሎር መንደር አልፎ የሚወጣው መንገድ አብዛኛው ክፍል እጅግ ገደላማ አይደለም፤ ከባድ የሚያደርገው ለሰዓታት እረፍት የማይሰጥ መሆኑ ነው። ኃይልን አመጣጥኖ መያዝን፣ ከመራብ በፊት መብላትን፣ ከመጠማት በፊት መጠጣትን እንደዚህ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም፤ በመጀመሪያው ሰዓት የቸኮለ ሰው በሦስተኛው ሰዓት ዋጋውን ይከፍላል።

የአልፕስ ዳገቶች ሁለቱንም ያጣመሩ ናቸው፤ ረጅምም ገደላማም ናቸው። አልፕ ዲዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 8.1 በመቶ አማካይ ተዳፋትና ከ21 ወደ 1 እየቀነሱ የሚቆጠሩ 21 ኩርባዎች አሉት። በየኩርባው በቆመው ሰሌዳ ላይ የኩርባው ቁጥርና በቱር ደ ፍራንስ እዚያ ያሸነፉ ብስክሌተኞች ስም ተጽፏል፤ የመጀመሪያው አሸናፊ በ1952 ጣልያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነበር። ገና ከሸለቆው እንደተነሱ ያሉት ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከዳገቱ ሁሉ እጅግ ገደላማ ከሚባሉት ስለሆኑ፣ በሰው ብዛትና በሞቅታ ተገፋፍቶ የጀመረ ሁሉ ከአሥረኛው ኩርባ በፊት ይዝላል። የጋሊብዬ መተላለፊያ ደግሞ 2,642 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ በሰሜን በኩል ለመድረስ አስቀድሞ ቴሌግራፍ የተባለውን 1,566 ሜትር ከፍታ ያለው ሌላ መተላለፊያ ማለፍ ያስፈልጋል። አልፕ ዲዌዝንና ጋሊብዬን በአንድ ቀን የሚያገናኘው ላ ማርሞት የተባለው የአማተሮች ውድድር ወደ 5,000 ሜትር የሚደርስ ሽቅብ አለው። ለእንዲህ ያለ ውድድር የተመዘገበ ሰው መንገዱን አስቀድሞ በዚያው ላይ ቢለማመድ ይጠቀማል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን ለመጀመሪያ ካምፑ አልፕስን እንዲመርጥ አልመክርም።

ስለ ከፍታ ብዙ ስለሚነገር ለየት ብሎ መታየት አለበት። በቴነሪፌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 2,150 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሆቴል የታላላቅ ቡድኖች ማረፊያ በመሆኑ ስሙ ይነሳል፤ የእንግሊዙ ቡድን ስካይም ብራድሊ ዊጊንስ ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈበት በ2012 ለልምምድ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ነበር። ይህን የሰማ አማተር እዚያው አንድ ሳምንት ማደር እንደሚጠቅመው ይገምታል። ነገር ግን በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ እንኳ ስለማይሞላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይረበሻል፣ የልብ ምት ይጨምራል፣ የሚወጣው ዋትም ይቀንሳል። ጥቅሙ፣ ማለትም የቀይ ደም ሕዋሳት መጨመር፣ የሚመጣው ግን ሳምንታት ቆይቶ ነው። ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን በ1997 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ሯጮቹ በ2,500 ሜትር እየኖሩ በ1,250 ሜትር የተለማመዱት ለ4 ሳምንት ነበር። በሰባት ቀን ካምፕ ተሳታፊው ጉዳቱን ተቀብሎ ጥቅሙን ሳያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ ቴነሪፌን የመረጠ ሰው ማረፊያውን በባሕር ዳርቻ አድርጎ ወደ ላይ ለልምምድ ብቻ ቢወጣ የተሻለ ነው። ቀድሞውኑ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከከፍታው አዲስ ነገር አያገኝም፤ እንዲያውም እንደ ማዮርካ ባለ ዝቅተኛ ቦታ ከለመደው የበለጠ ዋት ማውጣት መቻሉ ለከባድ ልምምድ ይበጀዋል።

ወቅቱ ምርጫውን በከፊል አስቀድሞ ይወስነዋል። ጋሊብዬን የሚዘጋው በረዶ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወይም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ስለማይጠረግ የአልፕስ ካምፕ የአውሮፓ በጋ ካምፕ ነው። ማዮርካ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ምቹ ናት፤ ቴነሪፌ ዓመቱን ሙሉ ታስተናግዳለች፣ ምንም እንኳ በአውሮፓ ክረምት የቴይዴ አናት መንገድ አልፎ አልፎ በበረዶ ቢዘጋም። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ ከቡር ዱዋዛን ተነስቶ ጋሊብዬ የደረሰ ሰው 12 ዲግሪ ያህል በቀዘቀዘ አየር ውስጥ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ረጅም ቁልቁለት ይጀምራል። የንፋስ መከላከያ ጃኬትና ሙሉ ጓንት በኪስ ወይም በአጃቢ መኪና መኖሩ ግዴታ ነው፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን በወጉ መያዝ አይችልም።

ብስክሌቱን በሚመለከት በሦስቱም ቦታ ምክሬ አንድ ነው። ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ 34 ጥርስ ይሁን። ከላይ በጠቀስሁት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ከፊት 34 ከኋላ 28 ጥርስ ያለው ማርሽ በደቂቃ 65 ዙር ሲጠይቅ 34 በ34 ግን ወደ 80 ዙር ያደርሳል። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ ይችላል፤ በአምስተኛው ቀን ጉልበት ላይ ይታወቃል። ብስክሌት ከቦታው የሚከራዩ ከሆነ ይህን ቁጥር ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የፍሬኑ ዓይነት ዲስክ መሆኑንና ሸራው አዲስ መሆኑንም ያረጋግጡ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ የጠርዝ ፍሬን፣ ማለትም ቸርኬውን ራሱን ጨምቆ የሚይዘው ዓይነት፣ ጎማ የሚቀመጥበትን ቸርኬ ክፉኛ ያግላል።

ከአዘጋጁ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ ስለ ታዋቂው ዳገት መጠየቅ አያስፈልግም፤ እሱን ሳይጠየቅም ይናገራል። ይልቁንስ ቡድኑ በአቅም ለስንት እንደሚከፈልና አንድ አጃቢ ለስንት ሰው እንደሚመደብ፣ አጃቢ መኪናው ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ይሁን ወይም አናቱ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ከባዱ ልምምድ በተከታታይ ለስንት ቀን እንደሚካሄድ ይጠይቁ። ሦስት ከባድ ቀን አድርጎ አራተኛውን የሚያቀልል ዕቅድ ጤናማ ነው፤ ሰባቱን ቀን በሙሉ በየቀኑ በድምሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ዕቅድ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚስማማ ነው። የመድን ውሉ ከተራራ ላይ የማንሳት ወጪን መሸፈኑንም በጉዞ ወኪል ቃል ብቻ ሳይሆን ውሉን አንብበው ያረጋግጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ ወይም ከክረምት ዕረፍት በኋላ አቋሙን ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ማዮርካን ቢመርጥ አይጸጸትም። ከዚህ በፊት ካምፕ የገባና ለሁለት ሰዓት በአንድ ኃይል መውጣት የሚችል፣ ግን ከዚያ በላይ ሲሄድ የሚዝል ሰው ቴነሪፌ ይሻለዋል፤ የማረፊያ ቀኑን ያለ ብስክሌት ለማሳለፍም መወሰን አለበት። አልፕስ የሚስማማው የተራራ ውድድር ከፊቱ ላለ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ካምፑ ከውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድሞ እንዲያልቅ ቀኑን አስልቶ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ከተመለሰ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት ለማገገም የሚውል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ከባድ ልምምድ ሊይዝ አይገባም።