ለቮልሳችን መካኒክ ምስጋና፣ አሮጌ ቮልስ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) የሚጠግኑ አንድ መካኒክን ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። «ሥራዬን የሚፈልግ ጠይቆ ይመጣል» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ፊት ለፊት እንደምጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ በተለይ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ የለበሰችባችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። 1300 የሚባለው ዓይነት ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። ታላቅ ወንድሜም በእሷ ነው የተማረው፤ ታናሽ እህቴም እንደዚያው። አባባ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጃን ሜዳ ይወስደኝና ቁልፉን ይሰጠኛል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ የሚገጭ ነገር የለም። እሱ ጎኔ ቁጭ ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። መሪውን ነክቶብኝ አያውቅም።

በቮልስ የተማረ ሰው የምለውን ያውቀዋል። የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ፔዳሎች የተተከሉት ከወለሉ ነው፤ እንደ ዛሬ መኪኖች ከላይ አልተንጠለጠሉም። እግርን ሙሉ በሙሉ አንስቶ መርገጥ ይጠይቃል። ኋላ ማርሽ ለማስገባት የማርሹን ዘንግ መጀመሪያ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያ ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ነገር የለም። ማርሽ የሚቀየረው በጆሮ ነው። አባባ መስኮቱን ያስወርደኝና «ስሚያት፤ ራሷ ትነግርሻለች» ይለኛል። ዛሬ ለሥራ የምነዳት ሌላ መኪና አውቶማቲክ ናት። ቢሆንም የሞተር ድምፅ ትንሽ ሲለወጥ ወዲያው ይሰማኛል። ያ ከጃን ሜዳ ያገኘሁት ነው።

ከሜዳ ወደ አስፋልት ስንወጣ ዋናው ፈተና ቸርችል ጎዳና ነበር። ከለገሃር በኩል ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስንሄድ መብራት ይይዘናል። ከዚያ መነሳት አለ። የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ እየለቀቁ፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል። አባባ ዞር ብሎም አያይ። «እሱ ይጠብቅ፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።» ቃሊቲ ለመንጃ ፈቃድ ስፈተን ዳገቱ ምንም ያልመሰለኝ ለዚህ ነው።

በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በኩል ባለፍን ቁጥር የሚያነሳት ወግም ነበረችው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከሥልጣን ወርደው ከዚያ ግቢ ሲወጡ የተሳፈሩት ቮልስዋገን ውስጥ ነበር። አባባ ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ ፖለቲካው ምንም አይጨምርም።

አንድ የማይሻር ሕግም ነበረው። «ፍጥነት መለኪያው ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት እየነዳሽ ከበራች፣ የትም ሁኚ የትም፣ ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊ።» ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው።

የአባባ ዓይን ሲደክም መንዳቱን ተወ። መኪናዋም ቆመች። ለመሸጥ የጠየቁን ሰዎች ነበሩ፤ ቤተሰቡ አልተስማማም። በመጨረሻ እኔ ላስነሳት ወሰንኩና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ተነሳች። ግን ጥቂት እንደሄደች ትግላለች፤ ዳገት ላይ አቅም ታጣለች፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ቤንዚን ትጠጣለች። ጋራዡ «ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድና ሙሉ በሙሉ ይታደስ፤ ካልሆነ በሌላ ሞተር ይቀየር» አለኝ። የተጠየቅኩት ገንዘብ ለእኔ የሚቻል አልነበረም። የሥራ ባልደረባዬ ሐሳቤን ሰምታ ወደ ጋሼ መራችኝ። እሷንም እዚሁ ላመስግናት።

ጋሼ መጀመሪያ ምንም አልፈቱም። ሞተሩን አስነሺ አሉኝ። የኋላውን ኮፈኖ ከፍተው ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ መዳፋቸውን በሞተሩ ዙሪያ እያዞሩ የሚወጣውን አየር ዳሰሱ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። «አጥፊው የኔ ልጅ። ሞተሩ ደኅና ነው። አየር አጥቶ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የቮልስ ሞተር ውኃም ራዲያተርም የለውም። የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ዘይቱም ያግዛል። ማራገቢያው ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይስብና በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል፤ የሞቀው አየር ወደ ታች ይወጣል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሞተሩን ዙሪያውን የሚከቡ ላሜራዎች አሉ፤ ጠርዛቸው በጎማ ይዘጋል። የእኛ መኪና ላይ ጎማው ደርቆ ተቆራርጧል። አንደኛው ላሜራ ደግሞ በአንድ ወቅት ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል። «በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ የራስን ትንፋሽ መልሶ እንደ መሳብ ነው» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ።

ስለ ቀይ መብራቷም ያኔ ነው የተረዳሁት። ማራገቢያውና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው። ሁለቱንም የምታዞራቸው አንዲት ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ናት። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ዲናሞው ይቆምና ቀይ መብራቷ ትበራለች። ነገር ግን ማራገቢያውም አብሮ ቆሟል። «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው፣ ቤት ድረስ ልንዳ» ያለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የእኛዋ ቺንጋ አልተበጠሰችም፤ ግን ላልታ ትንሸራተት ነበር። የቮልስ ቺንጋ የሚወጠረው ቺንጋዋ በምትዞርበት ፑሌጃ ሁለት ግማሾች መካከል ባሉ ቀጫጭን ቀለበቶች ነው። አንድ ቀለበት ከመሃል ሲወጣ ይጠብቃል። ጋሼ እኔ እያየሁ አስተካከሉት። የተረፈችውን ቀለበት አልጣሏትም፤ በኋላ ሌላ ቺንጋ ሲገባ ታስፈልጋለች ብለው ከውጭ በኩል መልሰው አሰሯት።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀጭን ነው። የ1300 ሞተር በዝቅተኛ ቦታ 40 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ ከዚያ ላይ ወደ ሩብ የሚጠጋው ይቀንሳል። ቤንዚኑም እንደ አየሩ ካልተቀነሰ ይበዛና ጭስ ይሆናል። የቀደመው ጋራዥ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ናስ ሰፊ ቀዳዳ ባላት ቀይሮ ነበር። ጋሼ ጠባብ ቀዳዳ ያላትን ከሣጥናቸው አውጥተው ገጠሙ። እኔ ካርቡሬተሩ አሮጌ ስለሆነ አዲስ እንግዛ ብዬ ነበር። «ይሄ ጀርመን የሠራው ነው፤ ታጥቦ ዘመን ይሻገራል» ብለው አስቆሙኝ። አጠቡት። ካንዴላና ፑንቲና (ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚያገለግሉትን ዕቃዎች) ቀየሩ፤ ቫልቭ አስተካከሉ። በቃ።

አሁን ግን ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ቆም ብላችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ነገር አለ። ጋሼ ሳልጠይቃቸው የኋላውን ወንበር አነሱ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከዚያ ሥር ነው። የባትሪው ክዳን አልነበረም። ወንበሩ የብረት ስፕሪንግ አለው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ይነሳል። በወንበሩ ላይ የእህቴ ልጆች ተቀምጠው ሄደዋል። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ነው የራደው። ቤንዚን የሚያስተላልፉትን የጎማ ቱቦዎችም አሳዩኝ፤ በጣት ሲጎነብሷቸው ይሰነጠቃሉ። የቤንዚን ማጣሪያው ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከዚያ አስወጡት። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋት በጣም አስቸጋሪ ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ ወንበሩን አንስታችሁ እዩ። የቤንዚን ቱቦ ርካሽ ነው። ወደ ጋሼ ባትሄዱ እንኳ ይህችን አድርጉ።

ስለ አሠራራቸው የምወደውን ልንገራችሁ። ዕቃ ራሳቸው አይገዙም። ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡና «ሂጂ፣ ራስሽ ግዢ፣ ደረሰኝ ያዢ» ይላሉ። ሶማሌ ተራ ስሄድ የቱን እንደምመርጥ ምልክቱን ነግረውኝ ነበር፤ የተሳሳተ ዕቃ ሲሰጠኝ አውቄ መለስኩ። የሚፈቱትን አሮጌ ዕቃ በላስቲክ አድርገው ያስረክባሉ። ሲሠሩ አጠገባቸው መቆም ይቻላል፤ ጥያቄ አይሰለቻቸውም። የእጅ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፤ ሲጨርሱም ያንኑ ነው የሚቀበሉት።

ከሁሉ በላይ ግን የማይነካውን ያውቃሉ። ቀለም ላስቀባት ፈልጌ ነበር። ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ላይ ትንሽ ዝገት ስላለ ወደ ባትላሜራ፣ የመኪና አካል ወደሚጠግኑት፣ ልወስዳት ነበር። «ዝገቱን አጽድተሽ ጸረ ዝገት ቀቢው፤ የቀረውን ተይው፤ በስቱኮ ከሸፈኑት ውስጥ ውስጡን ይበላል» አሉኝ። ካምቢዮውን (የማርሽ ሣጥኑን) እንዲያዩት ጠይቄም ነበር። ነድተውት መጡና «ደኅና ነው፤ አይከፈት» አሉ። ከፍተውት ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ያገኙበት ነበር። አንድ መካኒክ ሊያገኝ የሚችለውን ገንዘብ ለእኔ ሲል ሲተው ያየሁት ያን ቀን ነው። አሮጌ መኪና ላይ ትልቁ ሙያ ይህ ይመስለኛል። ሞተር ማውረድማ ለቮልስ ቀላል ነው፤ የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ለዚህም ነው ብዙ ጋራዥ ቶሎ የሚያወርደው።

ሲያልቅ አባባን ከጎኔ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። አብዛኛውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ። አልጋለችም፤ አላጨሰችም። አባባ አሁን መንገዱን በደንብ አያየውም። መስኮቱን አስወርዶ ሲያዳምጥ ቆየ። ግማሽ መንገድ ላይ «ቫልቩን ያስተካከለው ሰው ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። በማግስቱ ጋሼ ጋ አብሮኝ ካልሄደ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ሻይ ቀዘቀዘ፤ ስለ 1200ው፣ ስለ 1500ው ሲያወሩ እኔን ረሱኝ። ጋሼ አባቴን «አባባ፣ ይህችን መኪና በደንብ ይዘዋታል» ሲሉት የአባቴን ፊት ባያችሁልኝ።

የቮልስ ዕቃ ዛሬም ከብራዚል፣ ከሜክሲኮ ይመጣል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑየብላ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ዕቃው ለጊዜው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ እጁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ አገራችን የሚገባው የቤት መኪና የኤሌክትሪክ እንዲሆን ተወስኗል፤ ካርቡሬተር ለመማር የሚመጣ ወጣት ከየት ይገኛል? ጋሼ አሁን አንድ ልጅ እያስተማሩ ነው። ሁለተኛ ቢያገኙ ይወዳሉ። ትዕግሥት ያለው፣ ማለዳ መነሳት የማይከብደው የምታውቁት ወጣት ካለ ላኩላቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ግቢዋ ጠባብ ስለሆነች ሳትደውሉ አትሂዱ። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ስለሆነ መኪናውን ከዋዜማው ማታ አድርሱት። ሁለት ሊትር ተኩል የሞተር ዘይት ይዛችሁ ሂዱ። ቮልስ የሚቀየር የዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥር ያለችውን ወንፊት ያጥቡላችኋል። ዘይቱንም ቢበዛ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንድትቀይሩ ይመክሯችኋል። ሌላ መኪና አይቀበሉም፤ ቮልስ ብቻ ነው። መኪናዋ የማትነሳ ከሆነች ደግሞ በመጎተቻ አታንገላቷት፤ ቅርብ ከሆናችሁ እሁድ ከሰዓት ልጁን ይዘው ቤት ድረስ ይመጣሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ለፋሲካ እኛ ቤት ነዎት፤ አባባ ከአሁኑ እየጠየቀኝ ነው።