ለክረምት የሚቆም ሞተር ሳይክል፦ ባትሪው እንዳይሞት የትኛው ዘዴ ያዋጣል?

ሰኔ ሲገባ ጅማ ውስጥ ብዙ ሞተር ሳይክል ግቢ ይውላል። ወደ ዴዶ፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ማና የሚያስገቡት የገጠር መንገዶች ጭቃ ይይዛቸዋል። ከተማ ውስጥም ቢሆን የከሰዓቱ ዝናብ ሞተር ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ሞተሩ ሸራ ለብሶ እስከ መስቀል ይከርማል። ጉዱ የሚታወቀው የቡና ለቀማ ደርሶ ሞተሩ ሲፈለግ ነው። ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ይላል፣ ስታርተሩ "ጠቅ ጠቅ" ይላል፣ በቃ።

ፔዳል ያለው ሰው "ረግጬ አስነሳዋለሁ" ይላል። ካርቡሬተር ላለው ሞተር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነዳጁን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋ ኢንጄክሽን ሞተር ግን ያለ ባትሪ ፓምፑ አይሠራም፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ ፔዳል የላቸውም።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር በረዶ ለሚወርድበት አገር ነው። "ባትሪው እንዳይቀዘቅዝ አውጥታችሁ ቤት አስገቡት" ይላል። እውነት ነው፣ ባዶ የሆነ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ሲል ውስጡ በረዶ ይሠራና ሳጥኑ ይሰነጠቃል። ጅማ ግን እንዲህ ያለ ብርድ የለም። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፦ ለወራት መቆም፣ እርጥበት፣ እና ሄድ መጣ የሚል መብራት። ስለዚህ ለአውሮፓ ጋራዥ አንደኛ የሚባለው ዕቃ እዚህ አንደኛ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ባትሪው ለምን ይሞታል የሚለውን እንይ፣ ምርጫው ከዚያ ስለሚነሳ። ሁለት ነገር ይበላዋል። አንዱ የራሱ መፍሰስ ነው። አሲድና የባትሪ ውሃ የሚሞላው የድሮው ዓይነት እንደ አሠራሩና እንደ ዕድሜው በወር ከ5 እስከ 30 በመቶ ሊያጣ ይችላል። የታሸገው ኤጂኤም የሚባለው በወር ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢያጣ ነው። ሁለተኛው በላተኛ ሞተሩ ላይ የታሰረው ነገር ነው፦ አላርም፣ ሰዓት፣ ጂፒኤስ። አላርም 20 ሚሊአምፒር ሳበ እንበል፣ ምንም አይመስልም። በ24 ሰዓት ግን ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም የሚለካበት) ይሆናል። ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በሁለት ሳምንት ባዶ ሆነ ማለት ነው። ክረምቱ ገና ሐምሌን ሳይጨርስ!

ባዶውን ሲከርም ደግሞ ጉዳቱ አለመነሳት ብቻ አይደለም። ሰልፌት የሚባለው ነገር በሳህኖቹ ላይ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ከቆየ በኋላ በቻርጅ አይለቅም። ቮልቴጁ ከ12.4 በታች ወርዶ ሲቆይ ይህ ሥራውን ጀምሯል።

10 ቁልፍ ወይስ ምንም አለማድረግ

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው መልስ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ወንበሩን ማንሳት፣ የነጌቲቩን ሞርሴቶ (ሽቦውን ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚያይዘውን) መፍታት፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ ወደ ጎን ማድረግ ነው። ብዙ ሞተር ላይ 10 ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ይበቃል። አላርሙም ሰዓቱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንም አይስቡም። የሚቀረው የባትሪው የራሱ መፍሰስ ብቻ ነው።

ሁልጊዜ ነጌቲቩ ቀድሞ ይፈታል። ፖዘቲቩን መጀመሪያ ስትፈቱ ቁልፉ የሞተሩን ብረት ከነካ ብልጭታው ቀላል አይደለም። ሲታሰር ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ነጌቲቩ መጨረሻ። እግረ መንገዳችሁን ሞርሴቶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። በጅማ እርጥበት ይህ ዱቄት ቶሎ ይመጣል። የሶዳው ውሃ ግን ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ጥብቅ ይበሉ።

ኤጂኤም ባትሪ ካላችሁ፣ ሰኔ ላይ ሙሉ ሆኖ ከገባና ነጌቲቩ ከተፈታ፣ እስከ መስከረም 10 በመቶ ቢያጣ ነው። ምንም ቻርጀር መግዛት አያስፈልጋችሁም። ቻርጀር ሻጭ ይህን ይነግራችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።

የጋራዥ ቻርጀር ከአውቶማቲክ ቻርጀር ጋር

አሲድ የሚሞላው ባትሪ ያላችሁ ግን በወር አንዴ መሙላት ግድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፦ ባትሪውን አውጥቶ ጋራዥ መውሰድ፣ ወይም ትንሽ አውቶማቲክ ቻርጀር መግዛት።

የሞተር ባትሪ በጥቅሉ የሚሞላው በአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው። ባለ 7 ከሆነ 0.7 አምፒር፣ ባለ 5 ከሆነ 0.5። የጋራዡ ትልቅ ቻርጀር የተሠራው ለመኪናና ለጭነት መኪና ነው፤ 5 ወይም 10 አምፒር ሲለቅበት ትንሹ ባትሪ ይፈላል። ውሃው ያልቃል፣ ሳህኑ ይጣመማል። የታሸገው ሲሆን ደግሞ የተነፈሰውን ውሃ መልሶ መሙላት አይቻልም። ሁሉም ጋራዥ እንዲህ ያደርጋል አልልም። አምፒሩን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ የሚሞላ ባለሙያ ካወቃችሁ ደንበኛው ሁኑ። "በአንድ ሰዓት ሞልቼ እሰጣችኋለሁ" የሚላችሁን ግን ተሰናበቱት። ባትሪው እጅ ላይ ከሞቀ ቻርጁ ይቁም።

አውቶማቲኩ ቻርጀር እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ይወስደዋል፣ ሲሞላ ራሱ ወደ 13.2–13.8 ይወርድና እዚያው ይጠብቀዋል። ለሞተር ከ0.75 እስከ 1 አምፒር ያለው በቂ ነው። ትልቅ መግዛት ትርፍ የለውም። ቀለበት ጫፍና ፊዩዝ ያለው ሽቦ አብሮት ከመጣ ደግሞ ጥሩ ነው፤ አንዴ ባትሪው ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ በኋላ መሰካትና መንቀል ብቻ ነው የሚቀረው።

ካርቶኑ ላይ "አውቶማቲክ" ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ግን አውቶማቲክ አይደለም። አንዳንዱ አረንጓዴ መብራት ያበራና መግፋቱን አያቆምም። ማወቂያው ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ነው። ቴስተሩን ዲሲ 20 ላይ አድርጋችሁ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ሰዓት በኋላ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለኩ። 13 ተኩል አካባቢ ካነበበ ሥራውን ያውቃል። አሁንም 14.5 ወይም ከዚያ በላይ ላይ ከሆነ፣ ለአንድ ሌሊት መሙያ እንጂ ተሰክቶ የሚከርም አይደለም።

መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ሌላም ነገር መፈተሽ አለበት፣ ይኼኛው ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ነው። ቻርጀሩን ባትሪ ላይ አስይዙና ሥራ ሲጀምር ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሱት። ራሱ ከቀጠለ ግዙት። ቁልፍ እስኪጫን የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ግን መብራት አንዴ ሲሄድ ሥራው አበቃ፤ እናንተ ቻርጅ ላይ ነው ብላችሁ ባትሪው ባዶውን ይቆያል። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችልም ከቻርጀሩ በፊት መከላከያ ያለው ሶኬት ቢኖር ይመረጣል።

አውቶማቲክ ቻርጀር አንድ ድክመት አለው፤ ቮልቴጁ በጣም የወረደ ባትሪን ብዙዎቹ "ባትሪ የለም" ብለው ያልፉታል። ለሞተ ሳይሆን ላልሞተ ነው የሚረዱት።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቻርጀሩን አንድ ሰው ብቻውን ባይገዛው ይሻላል። ነጌቲቩ የተፈታ ባትሪ የሚፈልገው በወር አንድ ሌሊት ነው። ሦስት አራት ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አዋጥቶ አንድ ደህና ቻርጀር ቢገዛ፣ አራቱም ባትሪ በተራ ይሞላል፣ ቻርጀሩም ይተርፋል። ርካሽ አራት ከመግዛት አንድ ጥሩ። ተሰክቶ መክረም የሚያስፈልገው አላርሙን ወይም ጂፒኤሱን ማጥፋት የማይፈልግ ሰው ብቻ ነው።

ሶላርስ?

ሞተሩ መብራት በሌለበት የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ ገጠር ላይ ባለ የእርሻ ቢሮ ግቢ፣ ትንሽ ፓነል ቀዳሚው አማራጭ ነው። ከተማ ውስጥ ግን አልመክርም። ምክንያቱ ክረምቱ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደመና ስር ባለ 10 ዋት ፓነል 2 ዋት ከሰጠ ደህና ነው። በስድስት ሰዓት ወደ 1 አምፒር ሰዓት ይጠጋል፤ አላርሙ የሚበላውን ይሸፍናል፣ ትንሽም ይተርፋል። ባለ 5 ዋቱ ግን አፋፍ ላይ ነው።

ፓነሉን በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር የለባችሁም። ጭነት ሳይኖረው እስከ 21 ቮልት ይሰጣል፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ባትሪውን ያፈላዋል፣ ሌሊት ደግሞ መልሶ ሊስብ ይችላል። በመሃል ኮንትሮለር (የፓነሉን ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ዕቃ) ይግባ። ኮንትሮለሩም የራሱን ቀለብ ይወስዳል፤ 10 ሚሊአምፒር የሚበላ ከሆነ በቀን ሩብ አምፒር ሰዓት ሄደ። ፓነሉ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጦ ኮንትሮለሩ ባትሪው ላይ ታስሮ የሚከርም ከሆነ፣ የገዛችሁት ቻርጀር ሳይሆን ሌላ በላተኛ ነው።

በየሳምንቱ ማስነሳት

ነፃ ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘዴ ይኼ ነው፣ ግን ከሁሉም ደካማው ነው። አምስት ደቂቃ በቆመበት ሲሠራ፣ በዝቅተኛ ዙር ጄኔሬተሩ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ የፊት መብራቱም አብሮ ከበራ ስታርተሩ የወሰደውን ለመተካት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ ደግሞ እንፋሎቱ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ካስነሳችሁት አይቀር ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ንዱት። ያ ይሠራል። መንዳት ከቻላችሁ ግን መቼ ቆመ?

ባትሪውን ራሱን መቀየር ካለባችሁ

ያለው ባትሪ አርጅቶ ከሆነ ቻርጀር ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ፈትሹት። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት 12.6 እና ከዚያ በላይ ካለ ጥሩ ነው። ከ12.4 በታች ከወረደ፣ ወይም ስታርተር ስትጫኑ ከ9.6 በታች ከዘቀጠ፣ ክረምቱን አይሻገርም።

አዲስ ስትገዙ የአሲዱ ርካሽ ነው፣ ግን ዕዳው በየወሩ ነው፦ መሙላት፣ ውሃውን ሳጥኑ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መሃል መጠበቅ፣ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን የባትሪ ውሃ መግዛት። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚለቅም ሰው በሚተኛበት ክፍል አይሞላም። ኤጂኤሙ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ነጌቲቩን ፈትቶ መርሳት ይቻላል። በዓመት ሦስት አራት ወር ለሚቆም ሞተር ልዩነቱን ከፍዬ ኤጂኤም እወስዳለሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሞተር ከሆነ አሲዱ ምንም አይለውም። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ተፈቶ ሲቀመጥም ብዙ አይፈስም፤ ነገር ግን የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ የሰልፌት ማስለቀቂያ ያለው ቻርጀር ደግሞ ሊያበላሸው ይችላል። ለእኛ ሥራ ያን ያህል ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይታየኝም።

መስከረም ላይ ሸራውን ስትገፉ ቴስተሩ 12 እና ከዚያ በታች ካነበበ፣ ስታርተሩን ደጋግማችሁ አትጫኑት። መጀመሪያ በትንሽ አምፒር አንድ ሌሊት ይሞላ። የግድ ከመኪና ባትሪ ማስነሳት ካለባችሁም የመኪናው ሞተር ይጥፋ፤ እየሠራ ያለ መኪና የሚልከው ኃይል ለሞተር ሳይክል ሽቦ ይበዛበታል። ቀዩ ሽቦ ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከመኪናው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ ባዶ ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። ሲነሳ በመጨረሻ የታሰረው ቀድሞ ይፈታል።