አዲስ ቱርቦ መኪና ለጅማ፦ ሞተሩን በየትኛው መንገድ ማለማመድ ያዋጣል?

አዲስ ቱርቦ መኪና (ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የሚገፋ መሣሪያ ያለው) ለመግዛት የተነሳ ሰው የፈረስ ጉልበቱን፣ ቀለሙንና ዋጋውን ሲያወዳድር ይከርማል። ሞተሩን ለማለማመድ፣ ማለትም አዲሶቹ ክፍሎች እርስ በርስ በደንብ እንዲገጥሙ፣ የመጀመሪያዎቹን 2000 ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንደሚነዳቸው ግን ብዙም አያስብም። ቁልፉን ከተረከብኩ በኋላ ይደርሳል ብሎ ይተወዋል። እኔ ጥያቄው ከግዢው በፊት መነሳት አለበት እላለሁ። የትኛውን መኪና፣ በምን ዓይነት ማርሽ እንደምትመርጡ፣ ከአዲስ አበባም እንዴት አድርጋችሁ ወደ ጅማ እንደምታመጡት የሚወስነው እሱ ነውና።

ነገሩ ዛሬ ከበፊቱ ይብሳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ገበያው ላይ የምታገኙት ዜሮ ኪሎ ሜትር ቱርቦ በአብዛኛው ቀደም ብሎ የገባና ቆሞ የሰነበተ ነው። ሞተሩን ካበላሻችሁት ሌላ አዲስ እገዛለሁ ማለት ቀላል አይደለም። ቆሞ ስለሰነበተም የተመረተበትን ወርና ዓመት ጠይቁ፣ ባትሪውን አስፈትሹ። ከዓመት በላይ ከቆመ ደግሞ ስለ ዘይቱ ሻጩን አነጋግሩት።

ሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

የአዲስ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበትና ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ግድግዳ ልሙጥ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ በጣም ቀጫጭን የተጠላለፉ ጭረቶች ያወጣበታል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ። የፒስተን ቀለበቶቹ ደግሞ እዚያ ላይ እየተፋተጉ ከግድግዳው ጋር ይገጥማሉ። ቀለበቱን ወደ ግድግዳው አጥብቆ የሚገፋው ከጀርባው የሚገባው የቃጠሎ ግፊት ነው። ነዳጅ ረገጥ ካልተደረገ ግፊቱ ትንሽ ነው። ግፊቱ ሁልጊዜ ትንሽ ከሆነ ቀለበቱ በቅጡ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ያኔ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል።

ቱርቦው ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ውስጡ ያለው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ትንንሾቹ ቱርቦዎች ላይ 200,000 የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ያን ሁሉ ዙር ተሸክሞ የሚይዘው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ገና ሳይሞቅ ነዳጅ ከረገጣችሁ ወይም ቱርቦው እንደጋለ ሞተሩን ብታጠፉ የሚጎዳው መጀመሪያ እሱ ነው።

ከፍታውም ይግባበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን ብዙም አይሰማችሁም። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ይበልጥ እየተሽከረከረ ጉድለቱን ይሞላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግን በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለ ተመሳሳይ መኪና ይልቅ የእናንተ ቱርቦ ብዙ ይሠራል ማለትም ነው።

ሦስቱ መንገዶች

አንደኛው በቀስታ ብቻ መንዳት ነው። እዚህ አገር በጣም የተለመደው ይሄ ነው። የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2000 አይለፍ፣ ፍጥነቱ ከ60 አይለፍ፣ በቃ። በቅን ልቦና የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለቱርቦ ሞተር ግን እኔ አልመክረውም። ቀለበቶቹ የሚፈልጉትን ግፊት አያገኙም። ሌላም አደጋ አለው። ዙር ላለመጨመር ብሎ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሰው ሞተሩን እያስጨነቀው ነው። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭባቸው የዛሬ ቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ብዙ ነዳጅ ሲረገጥባቸው ድብልቁ ከጊዜው ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። በ1500 ዙር እየተንቀጠቀጠ ዳገት ከሚወጣ መኪና በ3000 ዙር ያለ ጭንቀት የሚወጣው ይሻላል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኃይል መንዳት ነው። ከመጀመሪያው ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው። ደጋፊዎቹ የሚያነሱት የግፊቱን ነገር ነው፣ በዚያ ልክ ናቸው። የሚረሱት ግን አዲስ የሆነው ቀለበቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። የማርሽ ጥርሶቹ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ፍሪሲዮኑ፣ የቱርቦው ዘንግ፣ ፍሬኑና ጎማው ሁሉም አዲስ ናቸው። ቶዮታ በመኪኖቹ መመሪያ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪ.ሜ. ድንገተኛ ፍሬን አትያዙ የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ሲበላሽም ዋስትና ላይ ክርክር ያስነሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የፋብሪካውን መመሪያ እየተከተሉ ጭነቱን ማፈራረቅ ነው። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ግማሽ ያህል ረገጥ አድርጎ ከ2000 እስከ 3500 ዙር ማድረስ፣ ከዚያ እግርን አንስቶ መኪናው ራሱ እየያዘ እንዲቀንስ መተው። ትንፋሽ መስጠት። እንደገና መድገም። ሲረገጥ ቀለበቱ ግድግዳውን ይጫናል፤ ሲለቀቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ዘይት ወደ ላይ ስቦ የተፋቀውን ብናኝ ያጥባል።

መመሪያዎቹን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነታቸው የቁጥር ነው እንጂ የመንፈስ አይደለም። ቶዮታ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪ.ሜ. በጣም ከፍተኛ ፍጥነትንና ድንገተኛ ነዳጅ መርገጥን ይከለክላል፤ ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት መንዳትንም እንዲሁ። ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ለሚባለው ቱርቦ መኪናው 1600 ኪ.ሜ. እስኪሞላ ከ4000 ዙር አትለፉ ይላል። ፎልክስቫገን በ1000 ኪ.ሜ. ውስጥ ከከፍተኛው ዙር ሁለት ሦስተኛ እንዳታልፉ ይጠይቃል፤ ከዚያ እስከ 1500 ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። የቢኤምደብልዩ ኤም መኪኖች (የኩባንያው ፈጣን ሞዴሎች) እስከ 2000 ኪ.ሜ. ድረስ ከ5500 ዙርና በሰዓት ከ170 ኪ.ሜ. በታች እንዲነዱ ይጠበቃል፤ በዚያው ላይ የሞተርና የዲፈረንሻል ዘይት የሚቀየርበት የግዴታ ምርመራ አላቸው። ያንን ምርመራ ለማስደረግ አዲስ አበባ መመለስ ካለባችሁ ወጪውን ከዋጋው ጋር አብራችሁ ቁጠሩት።

አብዛኞቹ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ዙርና በአንድ ፍጥነት ለሰዓታት መንዳት አይወደድም።

ከአዲስ አበባ ማን ያምጣው?

እዚህ ላይ የጅማ ገዢ ዕድለኛ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው 350 ኪ.ሜ. ገደማ መንገድ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ይመስላል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጊቤ ወንዝ ላይ እስከ 1100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚያ ዳገቱን ይዞ ይወጣና በሶኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማ ይገባል። ቁልቁለት፣ ዳገት፣ ከተማ፣ ሜዳ ይፈራረቃሉ።

ራሳችሁ ብትነዱት ምን ይመስላል? ከአዲስ አበባ እስክትወጡ በእርጋታ ሂዱ፤ ፍሬኑም ጎማውም እዚያው ይለማመዳሉ። ወሊሶ ላይ ቆም ብላችሁ ዘይቱን እዩ። የጊቤን ቁልቁለት ስትጀምሩ ፍሬን ላይ አትተኙ፤ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፣ ዙሩ ከ4000 እንዳያልፍ እያያችሁ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትይዙ ፊታችሁ የተጫነ ሲኖትራክ ተጎትቶ ይወጣ ይሆናል። በአራተኛ ማርሽ ከኋላው መጎተት የለም። ወደ ሁለተኛ አውርዱ፣ ርቀት ጠብቁ፣ ማለፍ እስኪቻል ታገሡ። ስትቀድሙ ነዳጁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ እስከ ወለሉ ድረስ ግን አትርገጡት።

በመኪና ጫኝ ማስመጣት ሁለተኛው አማራጭ ነው። ሞተሩን አይጎዳም፣ አያለማምደውምም። ጅማ ሲደርስ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነው፤ የተሻለውን መንገድ ግን ሳትጠቀሙበት ቀራችሁ። ለማያውቁት ሹፌር ሰጥቶ ማስመጣት ከሁሉም የከፋ ነው። ሹፌሩ በጊዜ ለመድረስ ከነጋ ጀምሮ በአንድ ፍጥነት ይነዳዋል፣ ሰውና ዕቃም ሊጭንበት ይችላል። እናንተ ደግሞ ምን እንደተደረገ አታዩም። መንዳት ካልቻላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

ከተማ ውስጥ ያለው ፈተና ሌላ ነው። ከሂርማታ ፈረንጅ አራዳ መመላለስ ሞተሩን አያሞቀውም። የውኃው ሙቀት መለኪያ መሐል ላይ ቢደርስም ዘይቱ ገና ወደ ኋላ ነው፤ ተጨማሪ ዐሥር ደቂቃ ያህል ስጡት። ጠዋት አስነስቶ በቀጥታ ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገት መውጣት ለቀዝቃዛ ቱርቦ ጭካኔ ነው። በአጋሮ መንገድ ወጣ ብላችሁ ሞተሩን አሙቁትና ከዚያ ዳገቱን ውጡት። ለሠርግ አጃቢነት የሚጠይቋችሁ ወዳጆችም አይቀሩም። አዲስ መኪና ያምራልና። በዝግታ እየተንፏቀቀ፣ በየቦታው ቆሞ እየሠራ ለሰዓታት የሚሄድ አጀብ ለአዲስ ሞተር ምንም አይጠቅመውም። 2000 ኪ.ሜ. እስኪሞላ እምቢ በሉ።

የመጀመሪያው ዘይት

ስለዚህ ብዙ ክርክር አለ። አንዱ ወገን በ1000 ኪ.ሜ. መቀየር አለበት ይላል፣ ሌላው ፋብሪካው በጻፈው ጊዜ ብቻ። ሁለቱም መሠረት አላቸው። ከላይ ያልኩት የቢኤምደብልዩ ኤም ምርመራ በ2000 ያስቀይራል። ሆንዳ በበኩሉ የፋብሪካው ዘይት ከጊዜው በፊት እንዳይቀየር ለዓመታት ሲመክር ኖሯል። እኔ የምለው፣ መመሪያው ካልከለከለ ከ1500 እስከ 2000 ባለው ውስጥ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይሩ። በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ብታዩት ደቃቅ የብረት ብናኝ ሲያብረቀርቅ ልታገኙ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ከሆነ አትደንግጡ። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካለ ግን መኪናውን አቁሙና ሻጩን ጥሩ።

የዘይቱ ዓይነት ከብራንዱ ስም ይበልጣል። በመመሪያው የተጻፈውን ውፍረት ያዙ። ለቤንዚን ቱርቦ ጣሳው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ የሚል ደረጃ ፈልጉ፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኩትን ያለጊዜው መቀጣጠል ለመከላከል ተብሎ ተፈትኗል። ለሁለት ቅያሪ የሚበቃ ዘይትና ፊልትሮ መኪናውን ስትገዙ አብራችሁ ግዙ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ደግሞ ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር አውጥታችሁ እዩ፤ አዲስ ቱርቦ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘይት ሊጎድልበት ይችላል።

ታዲያ የትኛውን መኪና?

በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ለማለማመድ ይቀላል፤ ዙሩን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አውቶማቲኩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ይሸሻል። ዳገት ላይ ወደ ስፖርት ወይም ወደ እጅ ማርሽ አድርጉት። ይህ ምርጫ የሌለውን አውቶማቲክ ለጅማ መንገድ እኔ አልመርጠውም።

ናፍጣ ቱርቦ ፒክአፕ የምትገዙ የቡና ነጋዴዎች ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጆንያ አትቆልሉበት። ተጎታችም ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪ.ሜ. አይታሰብ፤ ቶዮታ በግልጽ ጽፎታል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ዘግይቶ ይገጥማልና ቀላል ጭነት በየጊዜው እየጨመሩ መሄዱ ይጠቅመዋል። ኤሌክትሪክ ለሚገዛ ሰው የሞተር ማለማመድ ጣጣ የለም፣ ፍሬኑና ጎማው ብቻ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አራት ነገር ጠይቁት። ስለ ማለማመድ የተጻፈውን የመመሪያውን ገጽ አሳየኝ በሉት። መኪናው መቼ ተመረተ? ዘይቱን ቀደም ብዬ ባስቀይር ዋስትናዬ ይነካል? በፋብሪካው የሚፈለግ የመጀመሪያ ምርመራ ካለ ጅማ ውስጥ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ልመለስ? የሦስተኛውንና የአራተኛውን መልስ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ገንዘቡን አትክፈሉ።