ከአንድ ልቃቂት የወጣ የሕፃን ብርድ ልብስ

ታናሽ እህቴ ልትወልድ መሆኑን ስሰማ መርካቶ ሁልጊዜ የሹራብ ክር ወደምገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ነጭ ክር ልጠይቅ ስል፣ ሻጩ ልጅ እንደ ድፎ ዳቦ ጠፍጠፍ ብሎ የተጠቀለለ፣ ከመሀል እስከ ዳር አምስት ቀለም ያለው ክር አወረደልኝ። «እናቴ፣ ይሄ አንዱ ብቻ ይበቃዎታል፤ ካልበቃ ይመልሱልኝ» አለኝ። አላመንኩትም፤ ለአንድ ሕፃን አራት ጥቅል መግዛት ነበር የለመድኩት። አሁን ብርድ ልብሱን ጨርሼዋለሁ፤ ልጁ እውነቱን ነው።

ክሩ የቱርክ ነው፤ ጥጥና አክሪሊክ ተቀላቅሎበታል፤ 250 ግራም፣ 1000 ሜትር። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አልተገመደም፤ አራት ቀጫጭን ክሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አራቱም ክሬም ሆነው ይቆዩና አንዷ ሮዝ ትሆናለች። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ስትከተል ክሬሙ የት ላይ እንዳለቀ ዓይን አይለየውም። እንዲህ ባለ ክር ላይ አበባና ሽሩባ ማውጣት ትርፍ ድካም ነው፤ ቀለሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያሳምረውም። እኔ ፊትና ጀርባው አንድ በሆነው ተራ አሠራር ብቻ ሠራሁት።

ከጥግ ነው የጀመርኩት። በቁጥር 3.5 መርፌ 3 ቀለበት ጥዬ በየረድፉ አንድ ጨመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ደግሞ በየረድፉ አንድ እቀንሳለሁ። ግማሹን ያወቅኩት በወጥ ቤት ሚዛን ነው፤ ልቃቂቱ 130 ግራም ሲቀረው መቀነስ ጀመርኩ። ልኩ 125 ነበር፤ አምስቷን ግራም የያዝኳት ለመጠባበቂያ ነው። በዚህ አሠራር ጥጉ ላይ ያለው ክሬም ከስንዝር በላይ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ግን ረድፉ ረጅም ስለሆነ ያው ርዝመት ያለው ክር ግማሽ ስንዝር ብቻ ይሞላል። እኔ ውሉን ከውስጥ ስቤ ነው የሠራሁት፤ ከውጭ ብጀምር ኖሮ ሐምራዊው ይቀድም ነበር።

አሁን ቅሬታዬ። ክሩ ስላልተገመደ መርፌው ከአራቱ አንዷን ይስታል፤ ማታ ማታ ደከም ሲለኝ ስንት ረድፍ ተርትሬያለሁ። ቀለሙ የሚቀየረው በጥቃቅን ቋጠሮ ነውና የቋጠሮውን ጫፍ ከሥሩ አትቁረጡት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ከሌሎቹ ክሮች ጋር አብራችሁ ሥሩት። ከሁሉ ያናደደኝ ግን አንድ ቦታ ላይ አራቱም ክር ተቆርጦ በአንድ ትልቅ ቋጠሮ መታሰሩ ነው። ከሮዝ ድንገት ወደ ወይን ጠጅ ዘለለ። ቆርጬ ጥሩውን ቀለም እስካገኝ ብዙ ሜትር ጣልኩ። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ክር እንዲህ ሆኖ መሸጥ የለበትም።

ልስላሴው ግን የተባለለትን ያህል ነው። 75 በ75 ሳንቲ ሜትር ወጣልኝ። በ30 ዲግሪ ሁለቴ አጠብኩት፤ ቀለም አልለቀቀም፣ አልተኮማተረም፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው ለሰለሰ። አክሪሊክ ስላለበት ካውያ አላስነካሁትም፤ ፎጣ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። ለነሐሴ ብርድ ብቻውን ይሳሳል፤ ለሌሊት ከላዩ ሌላ መደረብ ያስፈልጋል።

10 ግራም ያህል ተርፎኛል። ጠቅልዬ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ፤ ሕፃን ጣቱን ከትቶ የሚያላላው ቀዳዳ ስለማይጠፋ ያን ጊዜ በዚያው እጠግነዋለሁ።