ለውርጩም ለጥምቀቱም፦ ደብረ ብርሃን ገበያ ጥግ ያለችው የብር ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጌጥ የሚሸጥ ሱቅ አይጠፋም፤ የሚጠፋው «ምን ልትለብሺበት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ነው። ገበያው ጥግ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ የብር ቤት ግን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው ጥያቄ ነው። ባለቤቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። መስታወቱን ከፍተው ዕቃ ከማውጣታቸው በፊት ወሩን፣ ቀሚሱን፣ ጥለቱን፣ ከላይ የሚደረበውን ሁሉ ያጣራሉ። «ጋቢ ትደርቢበታለሽ ወይስ በነጠላ ብቻ ነሽ?» ለማያውቃቸው ሰው ነገረኛ ይመስላሉ።

ጥያቄው ግን ለኛ አገር ልክ ነው። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎ ሲያነጋው፣ የአዲስ አበባ ልጆች በስልክ የሚያሳዩን ደረት ሙሉ ድሪ ምን ይሠራልናል? ሹራብ አለ፣ በላዩ ካፖርት አለ፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ አለ። ድሪው የሚታየው ቤት ገብተን እሳት ዳር ስንቀመጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚያየው የገዛ ቤተሰባችን ነው። እትዬ ለዚህ ወቅት የሚያወጡልሽ ከጆሮ ጋር የሚጣበቅ ትንሽ ጉትቻና ቀለበት ነው። ተንጠልጣዩን ስጡኝ ካልሻቸው የራሳቸውን ነጠላ ዘርፍ አንስተው፣ ቀጭኑ የብር ሽቦ እንዴት ክሩን እንደሚይዝ ያሳዩሻል። እውነታቸውን ነው። አንገቱ ከፍ ያለ የሱፍ ሹራብ ከሆነማ ጆሮ ይዞ ይጎትታል።

ቀለበት ከሰዓት በኋላ ለክተው አይሸጡም። ጣት በብርድ ይሰበሰባል፣ በሙቀት ይሰፋል። የከሰዓት ፀሐይ ላይ ልክ ያለሽ ቀለበት በታኅሣሥ ማለዳ ፊትሽን ስትታጠቢ ከጣትሽ ሾልኮ ይወጣል። እኔንም ገንዘቤን ይዤ ቆሜ «ነገ ጠዋት፣ ክፍል ሳትገቢ ነይ» ብለው መልሰውኛል።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ድኝ ደግሞ ቤታችን ሞልቷል። የኩበት ጭስ ውስጥ አለ፣ ሽንኩርት ውስጥ አለ፣ ሱፍ ራሱ የተሠራበት ፕሮቲን ውስጥም አለ። መስቀልሽን ከበርኖስ ወይም ከባና ጋር ሳጥን ውስጥ ካከረምሽው ለጥምቀት ስታወጪው ጠቁሮ ይጠብቅሻል። እትዬ ስለ ድኝ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይህንኑ ነው የሚሠሩት። ዕቃውን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላስቲክ አስረው፣ «ማድ ቤት እንዳታስቀምጪው፤ ከሱፍም አርቂው» ይላሉ። ተማሪዎቼ ይህን ያህል ቢይዙልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ስታነቢ ተለውጦ ይሆናል። አሠራራቸውን ግን ልንገርሽ። ብሩን ፊትሽ በግራም ይመዝናሉ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻው ይነግሩሻል። ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራውን ጠገራ ነው ይላሉ፤ ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር የሆነውንም 925 ይሉታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1780 የሚል የታተመበት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ ንጹሕ ብር የሆነው 833ቱ ብቻ ነው፣ የተረፈው መዳብ ነው ማለት ይቻላል። መዳቡ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ከጠረጴዛና ከበር ጋር የሚጋጭ አምባር፣ ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ አልቦ ከጠገራው ይሁን ባይ ነኝ፤ ለጉትቻ 925ቱ ይበቃል።

በሌላ መደርደሪያ ላይ ጀርመን ሲልቨር የሚባለው አለ። ስሙ ብር ይበል እንጂ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር የለበትም። እዚህ ደጋ ላይ ብዙ ሰው ያለ ችግር ያደርገዋል። ጣርማ በርን ተሻግረሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ግን ላቡ ኒኬሉን እያሟሟ ቆዳ ላይ ያሳርፈዋል፤ ኒኬል የማይስማማት ሴት ቁርጭምጭሚቷን ስታክ ትውላለች። የወንድሜ ሚስት እዚያ ናት። ዓመቱን ሙሉ ስስ ቀሚስና ክፍት ጫማ ነው የምታደርገው፤ አልቦ የሚያምረውም እንደሷ ላለችው ነው፤ ለሷ የጠገራውን ገዛሁላት። እኔ አልቦ ላድርግ ብል ካልሲ ላይ ነው።

ለክረምት ምንም አልገዛም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጌጤ ጃንጥላና ቦቲ ነው።

ወደ ጥምቀት ስንመጣ እኔና እትዬ አንስማማም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ የተረተ ሰው ስለ ጌጡ ዝም ስላለ፣ ክፍተቱን እሳቸው በሕግ ሞልተውታል። ጥለቱ ወርቅማ ክር ካለው ብር አታድርጊበት ይላሉ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ጥለት ላይ ግን ብር ብቻ ነው። ሁለተኛውን እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን ግን አልቀበልም። ጥቁር ማተብ ላይ የታሰረ የብር መስቀል ከየትኛውም ጥለት ጋር ይሄዳል፤ የመንዝ እናቶቻችን ወርቅማም ይሁን ቀይ ጥለት ሲለብሱ ያን መስቀል ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም። ቀሚሱ ደረቱ ላይ ጥልፍ ከበዛበት ድሪው ይቅር በሚለው ምክራቸው ግን እስማማለሁ፤ ጥልፍም ድሪም አንድ ደረት ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

ሱቋ እንከን የላትም አልልም። አምፖሉ ቢጫ ስለሆነ ብሩም ወርቅ ቅቡም አንድ ይመስላል፤ ዕቃውን ይዘሽ ደጅ ውጪና እዪው፣ አይከለክሉሽም። መስታወታቸው የእጅ መዳፍ አታክልም፤ አንድ ጆሮ ካሳየች ሌላው ይቀርባታል። ከኋላ የሚሠራው አንጥረኛ እጁ ጥሩ ነው፣ ቀጠሮው ግን አይታመንም፦ «ነገ» ካለ የሚመጣው ሳምንት ነው። ለጥምቀት የምታሠሪው ካለ በኅዳር ስጪው። ጥር ከገባ ወረፋው ስለሚበዛ ሌላ ሰው ያዘዘውን እያየሽ መቆጨት ነው።

ዶቃ ግን እዚያ አትግዢ። ምርጫው ትንሽ ነው፣ አብዛኛውም ፕላስቲክ ነው፤ እሳቸውም አይደብቁትም። በወሎ መንገድ ጉዳይ ካለሽ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ውረጂ። አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም የሚገበያይበት ስለሆነ እንደልብሽ ታማርጫለሽ። ስትመለሺ ክሩን እትዬ ዘንድ አስቀይሪው፤ በሰም የታሸ ጠንካራ ክር አላቸው፣ ለማስገቢያውም ብዙ አያስከፍሉም።