ወራሽ የሌለው ዘውድ፦ ማክቤዝ በመጽሐፍና በሁለት ፊልሞች

ሰሞኑን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» አገኘሁ። ጠርዙ የተበላ፣ ገጾቹ የተላቀቁ ቅጂ ነው። አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እርሳቸው አዳመጡ፤ ሦስት ምሽት ፈጀብን። የጸጋዬ አማርኛ ክብደቱ የሚታወቀው ከአፍ ሲወጣ ነውና እንዲህ በማንበቤ ደስ ብሎኛል።

በተማሪነቴ ማክቤዝ የሥልጣን ጥም ታሪክ ነው ተብዬ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ግን ንጉሡን ገድሎ የነገሠው ማክቤዝ ጓደኛውን ባንኮን ሊያስገድል ሲያስብ ከሚናገረው ደረስን፤ እርሱ እንደሚነግሥ፣ ከእርሱ በኋላ ግን የባንኮ ዘር እንደሚነግሥ የተነበዩት ጠንቋዮች በራሱ ላይ ፍሬ የሌለው ዘውድ እንደጫኑ፣ ነፍሱን ያረከሰው ለባንኮ ልጆች እንደሆነ የሚያማርርበት ነው። አክስቴ እጃቸውን አነሡ። «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። «ታዲያ ይህ ሰው የገደለው ለማን ብሎ ነው?» አሉ።

አክስቴ ልጅ አልወለዱም። ጥያቄያቸው ተውኔቱን በሙሉ ገለጠልኝ። የማክቤዝ ሚስት ሕፃን ማጥባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ትላለች፤ ሕፃኑ ግን በመድረኩ ላይ የለም፣ ስሙም አይነሳም። ባንኮ ልጅ አለው። ማክቤዝን የተቃወመው መኳንንት ማክደፍ ልጆች አሉት፤ ማክቤዝ ያስፈጃቸዋል። ማክደፍ መርዶውን ሲሰማ ሁሉንም ወይ ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። እንደ ወንድ ቻለው ሲሉት እችለዋለሁ፣ ነገር ግን እንደ ሰው ሊሰማኝም ይገባል ይላል። እዚህ ላይ ድምፄ ተቆራረጠና ማንበቤን ገታሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፊልሞች አብረን ያየነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው። የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጆኤል ኮኤን «የማክቤዝ አሳዛኝ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ማክቤዝንና ሚስቱን የሚጫወቱት ዴንዘል ዋሽንግተንና ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል፤ ስለዚህ ዘውዱ የመጨረሻ ዕድላቸው እንደሆነ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚቀር እንደሌለ ከፊታቸው ይነበባል። ካትሪን ሀንተር ሦስቱንም ጠንቋዮች ብቻዋን ስትጫወት ሰውነቷን እንደ ቁራ ታጥፋለች፤ እንዲህ ያለ ትወና ከዚህ በፊት አላየሁም። ቤተ መንግሥቱ ግን ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ሰው የሚበላበት፣ እሳት የሚነድበት ቤት አልመስል አለኝ።

የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ «የደም ዙፋን» እ.ኤ.አ. የ1957 ሥራ ነው፤ ታሪኩን ወደ መሳፍንት ዘመን ጃፓን ወስዶታል። አንድም የሼክስፒር ስንኝ የለበትም፤ የአክስቴን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ግን እርሱ ነው። ባልየው የጓደኛውን ልጅ ወራሹ ሊያደርግ ሲል ሚስትየው አርግዣለሁ ትለዋለች። የጓደኛውን ደም የሚያፈስሰው ገና ላልተወለደ ልጅ ነው። ልጁ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ፣ ሚስትየዋን የምትጫወተው ኢሱዙ ያማዳ የማይታይ ደም ከእጇ ልታጥብ ስትታገል የማያት አንዲት ጨካኝ ሴት አልነበረችም፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠች እናት ነበረች። አክስቴ እዚህ ጋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ እኔም ፊልሙን አቁሜ ቡና አፈላሁ። የመጨረሻው የቀስት ውርጅብኝ በእውነተኛ ቀስት የተቀረጸ ነው፤ ባልየውን በሚጫወተው በቶሺሮ ሚፉኔ ፊት ላይ ያለው ድንጋጤ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የማክደፍን ቤተሰብ ማስቀረቱ ግን አሁንም ይቆጨኛል።

እኔ ኩሮሳዋን አስቀድማለሁ። አክስቴ አይስማሙም። «የዚያኛውን ሰውዬ፣ ሚስትህ ሞተች ሲሉት ዓይኑን አየሽው?» አሉኝ ቡናውን እየጠጡ። «አብሮ ያረጀ ሰው ዓይን ነው፣ ልጄ።»