ክሮኒክሊንግ አሜሪካ፦ ሚኒሶታን ከባሕር ዳር ሆኖ ለማንበብ

ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦች ማኅደር ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ከየት አገር እንደገባችሁም ግድ የለውም። ከ20 ሚሊዮን በላይ የጋዜጣ ገጾች አሉት፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንስቶ እስከ 1963 ይደርሳል (ለይተን ካልጻፍን በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የአንድን የአሜሪካ ግዛት ታሪክ ከዋና ከተማው ይልቅ ከመንደሮቹ በኩል ማየት ለሚሻ፣ በተለይ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ፣ በነጻ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ፍለጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀኑንና ቦታውን ይዞ ለመጣ ይታዘዛል፤ ቃል ብቻ ይዞ የመጣውን ያንከራትታል።

ምክንያቱ ገጾቹን ወደ ጽሑፍ የቀየራቸው ማሽን መሆኑ ነው። ቀለሙ የፈሰሰ፣ መጀመሪያ ማይክሮፊልም ላይ ተነሥቶ ኋላ ስካን የተደረገ ገጽ ሲያጋጥመው ‹ኤን›ን ‹ዩ›፣ ‹ሲ›ን ‹ኢ› እያለ ይገለብጣል። በመስመር ጫፍ ለሁለት የተከፈለን ስም እንደ ሁለት ቃል ያየዋል። ዓምዶቹ ከተጠጋጉ ደግሞ የአንዱን ዜና ከጎኑ ካለው የሳሙና ማስታወቂያ ጋር ያደባልቀዋል።

ለምሳሌ ሂንክሊን እንያት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1894 ከረጅም ድርቅ በኋላ የተነሣ የደን እሳት፣ እንጨት ቆራጮች ትተውት የሄዱትን ቅርንጫፍና ግርድ እየበላ መጥቶ ይህችን የሚኒሶታ ከተማ በጥቂት ሰዓት አመድ አደረጋት። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የከተማዋን ስም ብቻ ጽፋችሁ ብትፈልጉ ግን ሂንክሊ የሚባል ነጋዴ፣ ሂንክሊ የሚባል ዳኛ፣ የሌላ ግዛት ሂንክሊ እየተግተለተለ ይመጣል።

መጀመሪያ ግዛቱን ሚኒሶታ በሉ። ቀጥሎ ቀኑን ከሴፕቴምበር 1 እስከ 15 ቀን 1894 አጥብቡ። ቃል የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም አንድ ሳይሆን ሁለት፦ የከተማዋ ስምና ‹ፋየር›፣ ሁለቱ ተቀራርበው የሚገኙበትን አማራጭ መርጣችሁ። ውጤቱን በቀን ቅደም ተከተል አሰልፉት። እምቢ ካለ የከተማዋን ስም ጣሉና ከተማዋ የምትገኝበትን ‹ፓይን ካውንቲ›ን ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ፍለጋውን እርግፍ አድርጋችሁ ትታችሁ የዚያን ሳምንት የሴንት ፖል (የግዛቱ ዋና ከተማ) ጋዜጣ ገጽ በገጽ ግለጡ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚፈጥነው ይኸኛው መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወጣውን የሟቾች ቁጥር ግን እንዳታምኑት፣ ገና ሬሳ እየተፈለገ የተጻፈ ነው።

ቀን ስንል እኛን የሚያጠምድ ነገር አለ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረገው፣ ከዚያ በፊት ከእኛ ጋር የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነቱ ሲካሄድ በፈረንጅ ማርች 1 ነበር፤ በዓሉ ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ነው። ሂንክሊ የነደደችውም ነሐሴ 27 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው፤ በዛሬው ስሌት ብትሄዱ 26 ይላችኋል። በዕለታዊ ጋዜጣ ላይ የአንድ ቀን ስሕተት የተሳሳተ ዕትም መክፈት ማለት ነው።

ማኅደሩን በሚያውቁት ነገር መፈተን ለሚፈልጉ ደግሞ ጣና አለላቸው። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ሄደው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በሐይቁ መውጫ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ተነጋግረው ነበር፤ ጋዜጦቹ የሚያወሩት ስለ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። እንግሊዝ በ1902 ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተፈራረመችውን ውል መዝዛ ተቃወመች፣ ግድቡም ሳይሠራ ቀረ። ቦታው ዛሬ የጨረጨራ በር ያለበት አካባቢ ነው። ይህን በዛሬው የጣና አጻጻፍ ብትፈልጉት እምብዛም አታገኙም፤ በዚያ ዘመን ስሙ በ‹ቲ› እና ‹ኤስ› እየጀመረ ‹ጻና› ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ አገሪቱም ‹አቢሲኒያ›። ኖቬምበር 1927ን ለይታችሁ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ስጡት።

የማን ድምፅ እንደሚነበብም መታወቅ አለበት። ሚኒሶታ በ1858 ግዛት ስትሆን መሬቱ በአብዛኛው በውል ስም ከዳኮታና ከኦጂብዌ ሕዝቦች የተወሰደ ነበር። በ1862 የዳኮታ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን ማንኬቶ ላይ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ መድረክ ተሰቀሉ። የዘመኑ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች የሰፋሪው ወገን ናቸው፣ ቋንቋቸውም ጥላቻ የተሞላ ነው። ‹ዳኮታ› ብላችሁ ሳይሆን ‹ሱ› በሚለው ስማቸው ካልፈለጋችሁ ደግሞ አብዛኛው ያመልጣችኋል። በአንጻሩ በሴንት ፖል ይታተም የነበረው የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ‹ዚ አፒል› በማኅደሩ ውስጥ አለ፤ ከነጮቹ ዕለታዊ ጋዜጦች ጎን አድርጎ ማንበብ ነው። ጁን 15 ቀን 1920 ዱሉት ላይ ሦስት ጥቁር የሰርከስ ሠራተኞች፣ ኤልያስ ክሌይተን፣ ኤልመር ጃክሰንና አይዛክ ማክጊ፣ በሕዝብ መንጋ ከእስር ቤት ተጎትተው ሲሰቀሉ ማን ምን እንደጻፈና ማን ዝም እንዳለ የሚታየው በዚህ ዓይነት ንባብ ነው። የሴት ስም ለሚፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ባለትዳር ሴት ብዙውን ጊዜ የምትጠቀሰው ‹ሚስስ› ተብሎ በባሏ ሙሉ ስም ነው።

ስለ ኔት፦ ሙሉ ዕትም አታውርዱ፣ የምትፈልጉትን ገጽ ብቻ በፒዲኤፍ አውርዱ፤ አንድ ገጽ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ኔቱ ከተንቀራፈፈ የገጹን ጽሑፍ ብቻ መክፈት ይቻላል፣ ለዳታም ይቀላል። ያንን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ ወደ አማርኛ አስተርጓሚ መክተት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ መጀመሪያ ከሥዕሉ ጋር አስተያይታችሁ እንግሊዝኛውን አቃኑት። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ገጹን በኤ4 አታሳትሙ፣ ዓምዶቹ ትንኝ ያክላሉ። ወይ ኤ3 ይሁን፣ ወይ የምትፈልጉትን ዜና ብቻ ቆርጣችሁ አሳድጉት።

ከ5 ኮከብ 4 እንሰጠዋለን። አንዱን ያስቀነሰው ፍለጋው ብቻ ሳይሆን የአነስተኛ ከተሞች ክፍተት ነው፤ የአንዷ ከተማ ጋዜጣ ዐሥርተ ዓመታት ሙሉ ሲገኝ የጎረቤቷ ጭራሽ የለም። ለሚኒሶታ ይህን ክፍተት የሚሞላው በ1849፣ ማለትም ግዛቲቱ ራሷ ሳትመሠረት በፊት የተቋቋመው የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር የራሱ የጋዜጣ ማኅደር ነው። እሱም አብዛኛው በነጻ ይነበባል። በመብት ጉዳይ የተዘጉት አንዳንድ የቅርብ ዘመን ጋዜጦች ግን ሴንት ፖል ካለው ቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ስለማይከፈቱ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን ጽፎ መላክ ይኖርበታል።